ዘርን ስለ መሰየምና ስለ መመዝገብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከላሊበላ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ገነተ ማርያም የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ከአንድ ወጥ ቋጥኝ ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋን በዓምዶች የተከበበች ናት። በግድግዳዋ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች መካከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የአፄ ይኩኖ አምላክ ምስል ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍም አብሮ ይነበባል። በላስታ ምድር ካሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የብዙዎቹ ዘመን እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ሲያከራክር፣ የገነተ ማርያም ዘመን የታወቀው በዚያ አጭር ጽሑፍ ነው። ሠሪው ስሙን ጻፈ፤ ስሙም ሥራውን ከዘመኑ ጋር አስሮ አቆየው።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጽር ወጣ ሲሉ ደግሞ ሌላ የሰው እጅ ሥራ ይታያል፤ ይኸውም የገብስ ማሳ ነው። ውርጭ የሚችለውን ከማይችለው፣ ለቆሎ የሚሆነውን ለጠላ ከሚሆነው እየለየ በሺህ ዓመታት ውስጥ ያወጣው የላስታ ገበሬ ነው። ለዚህ ሥራ ግን የተቀረጸ ጽሑፍ የለውም። ስሙም፣ ትውልዱም፣ ባለቤቱም የሚገኘው በአፍ ብቻ ነው። የዛሬው ንግግር ርዕስ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው፤ አዲስ ዘር ሲወጣ ስም የሚሰጠው እንዴት ነው? መዝገብ ላይ የሚሰፍረውስ ምኑ ነው? ሳይመዘገብ የሚቀረው ነገርስ ምን ያህል ጉዳት ያስከትላል? (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገበሬው የሰጠው ስም

ስም ለገበሬው የመጀመሪያው የሥራ መመሪያ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ «ሰነፍ ገብስ» የሚባል ዘር አለ። ገለባው በቀላሉ ከፍሬው ስለሚለቅ መሸክሸኩ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ሰነፍ እንኳ ቆሎ አድርጎ ሊበላው ይችላል ማለት ነው። ይህ ስም ስለ ፍሬው ጠባይና ስለ አገልግሎቱ የሚናገረውን አንድ የቤተ ሙከራ ዘገባ በሁለት ገጽ አይጨርሰውም። እንዲሁም በወሎ ማሽላ ዘሪዎች ዘንድ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» የሚባሉ ዓይነቶች ነበሩ። እሸታቸው ተጠብሶ ሲበላ የሚሰጠውን ጣዕም ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። በጤፍ ገበያ ደግሞ «ማኛ»፣ «ሰርገኛ» እየተባለ የቀለምና የጥራት ደረጃ ይለያል፤ ሸማቹም በስሙ ይዋዋላል።

ይሁን እንጂ የገበሬው ስም ሁለት ድክመቶች እንዳሉበት መካድ አይገባም። አንደኛ፣ አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ልዩ ልዩ ተክል ሊያመለክት ይችላል፤ አንድ ተክልም በሁለት ወንዝ ማዶ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ስም የሚጠራው የአገር ዘር ብዙውን ጊዜ የብዙ ዓይነቶች ቅልቅል ነው። መሐንዲስ ይህን ችግር ከሥራው ያውቀዋል። ማኅተም የሌለበት ብሎን ምን ያህል ጭነት እንደሚችል አይታወቅምና በድልድይ ላይ አይታሠርም። ስምና መዝገብ ያስፈለጉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የተጠራው ነገር ሁልጊዜ ያው ነገር እንዲሆን።

ከአበባ የተገኘ ትምህርት

በዚህ ረገድ ከሁሉ የጠራ ሥርዓት ያላቸው የኦርኪድ አበባ አልሚዎች ናቸው። በ1856 በእንግሊዝ አገር ጆን ዶሚኒ የተባለ አትክልተኛ ሁለት የኦርኪድ ዝርያዎችን በእጁ አዳቅሎ ያገኘው ተክል አበበ፤ በስሙም «ካላንቴ ዶሚኒ» ተባለ። በሰው እጅ ተዳቅሎ ለማበብ የበቃው የመጀመሪያው ኦርኪድ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ድቅሎቹ በፍጥነት ስለበዙ፣ ሳንደር የተባለው የኦርኪድ ነጋዴ ቤት የእያንዳንዱን ድቅል እናትና አባት እየመዘገበ ዝርዝር ያወጣ ጀመር። በ1961 መዝገቡን የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ተረክቦ እስከ ዛሬ ይዞታል፤ የተመዘገቡትም ድቅሎች ከመቶ ሺህ በላይ ደርሰዋል።

የመዝገቡ ደንብ በጥቂት ቃላት ሊነገር ይችላል። አዲስ ድቅል ያወጣ ሰው ስሙን ከማስመዝገቡ በፊት ተክሉ ማበብ አለበት፤ ፍሬ የያዘችውን እናት ተክልና የአበባውን ዱቄት የሰጠውን አባት ተክል ለይቶ መናገርም ግዴታው ነው። ወላጆቹ ያልታወቁ ድቅል አይመዘገብም። ከእነዚያ ሁለት ዝርያዎች የሚወለዱ ሁሉ፣ መልካቸው ቢለያይም፣ ማንም ቢያዳቅላቸው፣ እናትና አባት ቦታ ቢለዋወጡም እንኳ፣ የሚጠሩት በአንድ የቤተሰብ ስም ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተክል በውበቱ ከተመረጠ ከቤተሰቡ ስም ቀጥሎ የራሱን መጠሪያ ያገኛል። ስለዚህ የዛሬን አንድ ድቅል ይዞ ወደ ኋላ እየቆጠሩ በዱር እስከ በቀሉት ቅድመ አያቶቹ ድረስ መድረስ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ለዓይን ደስታ ብቻ የሚለማ አበባ የዘር ሐረጉ ይህን ያህል ተጠንቅቆ ሲያዝ፣ ሕዝብ የሚመገበው ገብስና ማሽላ ግን ብዙ ጊዜ እናትም አባትም የሌለው ሆኖ በቁጥር ብቻ ተመዝግቧል። ለጌጥ የተደረገው ጥንቃቄ ለእህል መነፈግ አልነበረበትም።

የጤፍ ድቅልና የቁንጮ ስም

በኢትዮጵያ ምርምር ታሪክ የድቅል ስም አወጣጥ በግልጽ የሚታየው በጤፍ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ናት፤ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። አበባዋም ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል ጤፍን በእጅ ማዳቀል እንደማይቻል ይታመን ነበር። በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። በዚያች አጭር ጊዜ የአንዷን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላዋ ማሻገር ተቻለ። የጤፍ ማዳቀል ሥራ የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ድቅል የሰጡት ምልክት ለመሐንዲስ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሥዕል ቁጥር ይመስላልና። «ዲዜድ» ደብረ ዘይትን፣ «ሲአር» ድቅል መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው አኃዝ የድቅሉን ተራ ያመለክታል። ዲዜድ-ሲአር-387 የተባለው ድቅል እናትና አባቱ የታወቁ ናቸው፤ አንደኛው ብዙ ምርት የሚሰጠው «ዱከም» (ዲዜድ-01-974)፣ ሁለተኛው በንጣቱ የተወደደው «ማኛ» (ዲዜድ-01-196) ነው። የምርትን ብዛት ከፍሬ ንጣት ጋር በአንድ ተክል ለማገናኘት የታሰበ ጋብቻ ነበር።

ከሁለቱ የተወለዱት ልጆች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል ለብቻው እየተዘራ፣ ራሱን በራሱ እያዳቀለ፣ ጠባዩ እስኪጸና ድረስ ትውልድ በትውልድ ተተካ። በየትውልዱ ያልጸናው ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከስድስት ትውልድ በኋላ የሚቀረው ከ64 አንድ እጅ ነው። ከእነዚህ የጸኑ መስመሮች 355ኛው በ2006 ለገበሬ ሲለቀቅ «ቁንጮ» ተባለ። ቁንጮ ማለት በሕፃን አናት ላይ የሚተው ጸጉር ነው፤ ከሁሉ የበላይ መሆንንም ያመለክታል። ቃሉ አጭር፣ በአገሬው አፍ የተለመደና በቀላሉ የማይረሳ ስለሆነ ከዘሩ ጋር በየመንደሩ ተዛመተ። የቁጥሩን ስም የሚያውቁት ግን ተመራማሪዎች ብቻ ናቸው።

በዚያው ድቅል ውስጥ 127ኛው መስመር ደግሞ በ2007 «ገመቺስ» በሚል ስም ተለቀቀ። ቁንጮና ገመቺስ እንግዲህ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በኦርኪድ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ የቤተሰብ ስም በተሸከሙ ነበር፤ በእህል መዝገብ ግን ስማቸው ወንድማማችነታቸውን አይናገርም። ይህን የሚያስታውሰው ያ የተናቀው ቁጥር፣ 387፣ ብቻ ነው። ከዚህም የምንረዳው የመጠሪያ ስምና የመዝገብ ቁጥር ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው። ስሙ ዘሩን ወደ ገበሬው ያደርሰዋል፤ ቁጥሩ ወደ ወላጆቹ ይመልሰዋል።

ዘር ወደ መዝገብ የሚገባበት መንገድ

አንድ ዘር ስም ከማግኘቱ በፊት ረጅም ፈተና ያልፋል። በመጀመሪያ በልዩ ልዩ ሥፍራዎችና ወቅቶች ከነባር ዘሮች ጋር እየተነጻጸረ ይዘራል። ቀጥሎ በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ላይ፣ ቀደም ሲል ከተለቀቀ ዘርና ከአካባቢው ዘር አጠገብ፣ ለመጨረሻ ማረጋገጫ ይቀርባል። የባለሙያዎች ቡድን በየማሳው እየተዘዋወረ ያየዋል፤ ገበሬውም አስተያየቱን ይሰጣል። በመጨረሻ ብሔራዊው የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የተፈቀደው ዘር በግብርና ሚኒስቴር የሰብል ዝርያዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡም ስሙን፣ የተመራማሪውን መለያ ቁጥር፣ የሚስማማውን ከፍታና የዝናብ መጠን፣ የሚዘራበትን ጊዜ፣ ለመድረስ የሚፈጅበትን ቀን፣ የፍሬውን ቀለም፣ በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ የሰጠውን ምርት፣ የተለቀቀበትን ዓመትና ዘሩን የሚጠብቀውን ተቋም ይዘረዝራል።

በሰሜን ወሎ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያስመዘገባቸው ዘሮች በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ። የራያን ተራራ ስም የያዘው «ዞብል» ጤፍ በ2005 ተለቀቀ። በ2007 የተለቀቀው «መቻሬ» ደግሞ የመጣው 205953 ከሚል የዘር ባንክ ቁጥር ነው። በዘር ባንክ መደርደሪያ ላይ በቁጥር ብቻ የቆየ ዘር፣ ስም አግኝቶ ወደ ማሳ መመለሱ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ያ ዘር ወደ ባንክ ከመግባቱ በፊትም በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበሬ ቤት፣ የሚጠራበት ስም እንደነበረው መዘንጋት የለበትም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም በ1961 በፓሪስ የተፈረመው የአዳዲስ ዝርያዎች ስምምነት ለስም ደንብ አውጥቷል። ስሙ ዘሩን ከሌላው የሚለይ፣ ስለ ጠባዩ ወይም ስለ ዋጋው የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። ዘሩም ራሱ ከሌላው የተለየ፣ በመልኩ አንድ ወጥ፣ በትውልዱም የማይለዋወጥ መሆን አለበት። እነዚህ ሦስት መመዘኛዎች የአገር ዘርን ከመዝገቡ በር ላይ የሚመልሱት ናቸው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ዝምድናው ሲደበቅ የሚደርስ ጉዳት

የዘር ሐረግን መዝግቦ መያዝ የምሁራን ጨዋታ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከስንዴ እንውሰድ። «ቁብሳ» በኢትዮጵያ እጅግ ተስፋፍቶ የነበረ የዳቦ ስንዴ ነው፤ የምርምር ቁጥሩ ኤችኤአር-1685 ነበር። ምንጩ በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ማዕከል «አቲላ» ተብሎ የተሰየመው ድቅል ነው። በሕንድ አገር ፒቢደብልዩ-343 በመባል በሰፊው ይዘራ የነበረውም ስንዴ ከዚያው ድቅል የወጣ ነው። ሁለቱ በስም ባይገናኙም በሥጋ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከቢጫ ዋግ የሚከላከላቸውም አንድ የጋራ ዘረ መል ነበር።

ያን መከላከያ የሚሰብር የዋግ ዘር በእስያ ማሳዎች ከታየ በኋላ፣ በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተነሣና ቁብሳን ክፉኛ መታው። ገበሬው በክረምቱ ለምለም የነበረው ማሳ ፍሬ ሳይይዝ ሲቀር በዓይኑ አየ። እዚህ ላይ የመዝገብ ጥቅም ከመሐንዲስ ሥራ ጋር ይገጥማል። በአንድ አገር የአንድ ፋብሪካ መዘውር ቢሰነጠቅ፣ በሌላ አገር ከዚያው ብረት የተሠራውን መዘውር በስሙ ሳይሆን በቀለጠበት ቁጥር ፈልጎ መመርመር ግድ ነው። የስንዴም ነገር እንዲሁ ነው። ሕንድ ላይ የተሰማው ደወል ለቁብሳ ጭምር መሆኑን የሚያውቀው የመጠሪያውን ስም ሳይሆን የወላጆቹን ዓምድ የሚያነብ ሰው ነው።

ስም አልባ ሆነው የተጓዙ ዘሮች

ከኢትዮጵያ ማሳ ወጥተው ዓለምን የጠቀሙ ዘሮች ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጉዳት ያሳያል። በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል፣ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በሚባለው ለሰውነት አስፈላጊ በሆነ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ዘሮች፣ የወሎ ልጆች ነበሩ። በዓለም ጽሑፍ የሚታወቁት አይኤስ-11167 እና አይኤስ-11758 ተብለው ነው። «ወተት በጉንጬ» ብሎ የተናገረው ገበሬ ግን በዚህ እህል ውስጥ ከሌላው የተለየ ነገር እንዳለ ከቤተ ሙከራው በፊት አውቆ ነበር። ስሙ ከዘሩ ጋር አብሮ ቢጓዝ ኖሮ፣ ፍለጋውን ያሳጥር እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ገብስም እንዲሁ ነው። በ1937 እና በ1938 ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የጀርመን ቡድን ከሰበሰባቸው የገብስ ዘሮች መካከል፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት ከሚያለብሰው የፈንገስ በሽታ የሚከላከል ዘረ መል ተገኘ። በ1979 «አቴም» የተባለው ገብስ ይህን መከላከያ ይዞ በአውሮፓ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የአውሮፓ የጸደይ ገብሶች ይህንኑ ወርሰዋል። አቴም ስም አለው። የኢትዮጵያ ወላጁ ግን ኤል-92 ወይም ኤል-100 ነው። የዘራው ማን ነበር? ምን ብሎ ይጠራው ነበር? የሚመልስ መዝገብ የለም።

የጤፍ ክርክርም በዚሁ ረድፍ ይገባል። በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍን ዘር ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመካፈል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተዋዋለ። በ2007 ደግሞ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ያቀረበው የፈጠራ መብት በአውሮፓ ጸደቀለት። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ የተጠበቀውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱ በሆላንድ እንዲሻር ወሰነ። የተሻረበትም ምክንያት አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም በመባሉ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ የሚለየው ማስረጃ ደግሞ በጽሑፍ የተያዘ ዕውቀት ነው፤ ያልተጻፈ ዕውቀት በፍርድ አደባባይ ቆሞ ለመመስከር ይቸገራል።

ምን ይደረግ?

በ1984 ረኃብ በወሎ የሆነው ነገር የስምና የዘር ቁርኝት እስከ ምን እንደሆነ አሳይቷል። ለዘር የተቀመጠው እህል ለነፍስ ማቆያ ሲበላ፣ የጠፋው የአንድ ዓመት ምርት ብቻ አልነበረም፤ አያቶች የመረጡት ዘርና የሚጠራበት ስም አብረው የሚጠፉበት አደጋ ነበር። በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ ሀብት ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ በዚያ ዘመን የአገር ዘሮችን እየሰበሰበ ለማዳን ጥሯል፤ በኋላም ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር መላኩ በ1989 ለዚህ ተግባራቸው «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ማዕከሉም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ሕጉም ከዚያ ወዲህ ተራምዷል። በ2006 ስለ አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481፣ ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀትና መብት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482 ወጡ፤ የመጀመሪያው በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተክቷል። እንግዲህ የማኅበረሰብ መብት በሕግ ታውቋል ማለት ነው። መብት ግን ባለመብቱን የሚያሳይ መዝገብ ይፈልጋል።

ከላይ እንደተባለው የአገር ዘር አንድ ወጥ ባለመሆኑ ከአዳዲስ ዝርያዎች መዝገብ አይገባም። ይህን ችግር ደንቡን በማላላት መፍታት አይገባም፤ የአገር ዘርን አበጥሮ አንድ ወጥ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። ቅልቅልነቱ ጥንካሬው ነውና፤ ውርጭ ሲመታ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። የሚሻለው ከአዳዲስ ዝርያዎች መዝገብ ጎን የአገር ዘሮች መዝገብ ማቋቋምና ሁለቱን በአንድ ክር ማሰር ነው። በአገር ዘሮች መዝገብ የገበሬው ስም፣ የስሙ ትርጉም፣ የመንደሩና የወረዳው ስም፣ አገልግሎቱና የዘር ባንክ ቁጥሩ ይስፈር። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ቢገኝ ሁለቱም ከነወረዳቸው ይጻፉ። በአዳዲሶቹ መዝገብ ደግሞ የእናትና የአባት ዓምድ ግዴታ ይሁን፤ ወላጁ የአገር ዘር ከሆነ የቁጥሩ ጓደኛ ሆኖ የገበሬው ስም ይጻፍ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ አነስተኛ ድልድይ ዋጋ አይበልጥም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመሐንዲሱም ድርሻ ግልጽ ነው፤ የማይባዛና የማይደጋገም የመለያ ሥርዓት መንደፍ፣ ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኝ የመረጃ ቋት መሥራት፣ በየወረዳው ዘር የሚቀመጥበትን ደረቅና ቀዝቃዛ ጎተራ ማነጽ የእርሱ ሙያ ናቸው። ይሁን እንጂ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች በየዓመቱ እያለፉ በመሆናቸው፣ ሥራው ጎተራው እስኪታነጽ መቆየት የለበትም፤ በእርሳስና በደብተርም ቢሆን ከወዲሁ ሊጀመር ይችላል።

በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ስማቸውን ያጻፉት ንጉሥ ሥራቸው ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ባለቤቱ ታውቆ እንዲኖር አድርገዋል። ከደጁ ያለው ገብስ ከዚያ ሕንጻ የሚበልጥ ዕድሜ አለው፤ የሚፈልገው ጽሑፍም አንድ መስመር ብቻ ነው።